ሱቅ የማትላክ ልጅ

ሮቤ ተመድቤ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አንዲት ባለሙያ ትምህርት ቤታችን መጣች። በአደራ ቤተሰብ ለሚያድጉ ልጆች በጎ ፈቃደኛ አማካሪ እንፈልጋለን አለችን። አደራ ቤተሰብ ማለት ወላጆቹ ሊያሳድጉት ያልቻሉትን ልጅ ተቀብሎ የሚያኖር ቤተሰብ ነው። አማካሪው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን እቤቱ ተቀብሎ አብሮት ይውላል፤ ያስጠናዋል፣ ያጫውተዋል። ተናግራ ሳትጨርስ እጄን አወጣሁ። ተማሪ ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጄ ይቀድማል።

በስልጠናው ብዙ መመሪያ ተሰጠን። ከሁሉም አጥብቀው የነገሩን ልጆቹን ሥራ እንዳናሠራ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሳድጋለሁ ብሎ ወስዶ ውሃ ቀጂና ከብት ጠባቂ የሚያደርግ ሰው አለ። እኔ መመሪያ እወዳለሁ። ይህንንም በቃሌ ያዝኩት።

የደረሰችኝ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ጎባ ከአንዲት ሙስሊም አሮጊት ጋር ትኖራለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሮጊቷ ራሳቸው በሚኒባስ ይዘዋት መጡ። ጎባ ከሮቤ ይበልጥ ስለሚበርድ ሁለቱም ተጀቡነው ነበር የደረሱት። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱልኝ።

"ሥጋ የምትሰጫት ከሆነ የኛ ሰው ያረደውን ነው፣ እሺ ልጄ?" አሉኝ።

"አያስቡ እማማ፤ ሽሮ ነው የምሠራው።"

"ሁልጊዜ?" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

የመጀመሪያው ወር ሙከራ ነው። ወሩ ሲያልቅ ጽሕፈት ቤቱ ልጅቷን ብቻዋን ጠርቶ መቀጠል ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃታል። አልፈልግም ካለች በዚያው ይቀራል፤ እኔን የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ እንድትወደኝ የማደርገውን ሁሉ በቅደም ተከተል አሰብኩ። ከሂሳብ ጀምረን ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ካርታ ጨዋታ እንሄዳለን። እጇን የማስታጥባት እኔ ነኝ። ሳህን ለማንሳት ስትነሳ "ተቀመጪ፣ ተቀመጪ" እላታለሁ። እሷም ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ "ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ" ብላ ትነሳለች። የጎባ ሚኒባስ እስከ ማታ እንደማይጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ሽሮውን ልጥድ ብዬ ሽንኩርት አጣሁ። በሩን ከፍቼ ግቢ ውስጥ ገመድ የምትዘለውን የጎረቤቴን ትንሽ ልጅ ጠርቼ ላክኋት። ስመለስ እንግዳዬ ሻርፗን እያሰረች ነው።

"ምነው? ምሳ እኮ አልበላንም።"

"ልሂድ፣ ቲቸር።"

"ምን ሆንሽ?"

ሻርፗን ደግማ አጠበቀች። "ሌባ እመስላለሁ?"

"ኧረ በፍጹም! ማን አለሽ?"

"ታዲያ እኔ ቁጭ ብዬ ያቺን ንፍጣም ለምን ይልካሉ?"

አስረዳኋት። ስለ መመሪያው፣ መመሪያው ለምን እንደወጣ፣ የልጆች ጉልበት መበዝበዝ ምን እንደሆነ፣ በምሳሌ እያስደገፍኩ አስረዳኋት። ክፍል ውስጥ እንዲህ ጸጥ ብሎ የሰማኝ ተማሪ የለም።

"ጨረሱ?" አለችኝ።

"ጨረስኩ።"

"እማማ ሲልኩኝ ነው የሚውሉት። ወላሂ ቁጭ ካልኩ ያመመኝ ይመስላቸዋል። ጎረቤቱም ይልከኛል። ድሮ ማሳደጊያ ሳለሁ ግን ማንም አይልከንም ነበር፤ ሁሉ ነገር በመኪና ይመጣል፣ ዘበኛው በሩን ይዘጋል። ሱቅ የሚላከው የቤት ልጅ ነው፣ ቲቸር። እርስዎ ጋ ስመጣ ማሳደጊያው ትዝ ይለኛል።"

ይህን ስትል ትንሿ ልጅ ሽንኩርቱን ይዛ ገባች። እንግዳዬ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አረንጓዴ በቅሎበታል።

"ይህን ያመጣ ሰው ይላካል?"

"ባለሱቁ ነው የሰጠኝ" አለች ትንሿ።

"አንቺስ ዓይን የለሽም?"

መመሪያው ስለ ሽንኩርት ምን እንደሚል ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ምንም አይልም። ቦርሳዬን ከፍቼ ብር አወጣሁ። "በይ ሥጋ ግዢ። የትኛው ልኳንዳ የእናንተ እንደሆነ እኔ አላውቅም" አልኳት።

"ይህን ያህል ጊዜ ሮቤ ኖረው?" አለች፤ ጃኬቷን አውልቃ ሶፋው ላይ ጣለችና ወጣች።

ቆየች። ልኳንዳው ቅርብ እንደሆነ ትንሿ ነግራኛለች። ሚኒባስ ተሳፍራ ሄዳ ቢሆንስ እያልኩ ወደ በሩ ተመላለስኩ፤ ጃኬቷን ሳይ ደግሞ በዚህ ብርድ ያለ ጃኬት ጎባ አትሄድም ብዬ እጽናናለሁ። በመጨረሻ በግራ እጇ ሥጋ፣ በቀኟ ጎመን ይዛ እየሳቀች መጣች።

"ባለልኳንዳው የማን ልጅ ነሽ አለኝ። የቲቸር ነኝ ብዬ ምርቃት አስጨመርኩ። ጎመኑንም ተከራክሬ ነው።"

"ጎመን አላልኩሽም።"

"ሽሮ ሰልችቶኛላ።"

የዚያን ቀን የሄደችው ከመሸ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ከመግባቷ ጓዳዬን ፈተሸች፤ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ጨው እያለች ደጋግማ ተመላለሰች። ሂሳብ የሠራነው ከምሳ በኋላ ነው፤ ፕሮግራሜ ተበላሸ፣ እሷ ግን አንድም ጥያቄ አልሳተችም።

የመጠየቂያዋ ቀን ሲደርስ ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አማካሪ ሆኜ መቀጠሌ የሚወሰነው ከበሩ ጀርባ ነው። ባለሙያዋ እየሳቀች ወጣች።

"ትቀጥል ወይስ ይቅር ብዬ ብጠይቃት፣ ቅዳሜ ካልሄድኩ ማን ዘይት ይገዛላታል አለችኝ። ዘይት ጨርሰሻል እንዴ?"

"ኧረ አለኝ!"

ልጅቷ ከኋላዋ ብቅ አለች። "ሐሙስ ያልቃል፣ ቲቸር" አለችኝ።

ሐሙስ አለቀ። አልገዛሁም።