ጋሽ ይማምን ሁለት ጊዜ ሳልኳቸው

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ የወጣነው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ሁለት ካርቶን ቀለምና ብሩሽ ጭኜ፣ ከረዳቱ ጋር ስለ ጭነት ሒሳብ ተከራክሬ ተረትቼ ነው የተቀመጥኩት። የምሄደው ሸዋ ሮቢት ነው። አምና እዚያ የወጣት ማዕከሉ የመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ስዬ ነበር። አሁን ደግሞ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው መጥተው፣ ከዚያ ሥዕል ተነሥተው የራሳቸውን እንዲሠሩና እሁድ እዚያው ግድግዳ ሥር ለሰው እንዲያሳዩ ተጠርተዋል። አስተማሪው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፤ የሄድኩት ለማስተማር ብቻ አይደለም። የገዛ ሥዕሌን ለማየት ጓጉቼ ነው። በተለይ አንዱን ፊት። ጋሽ ይማም የሚባሉ የሸዋ ሮቢት ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሕይወት ሳሉ ደጃፋቸው ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ የውሃ ማሰሮ አስቀምጠው መንገደኛ ያጠጡ ነበር። እኔንም አንድ ቀን ሐሩሩ ሲጥለኝ አጠጥተውኛል። ጠጥቼ ስጨርስ፣ እሳቸው ወደ መንገዱ ሲያዩ፣ በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸው። አልጠየቅኋቸውም። መሞታቸውን ስሰማ አዘንኩና፣ ለክብራቸው ብዬ ፊታቸውን አግዝፌ ግድግዳው መሀል ሳልኩት። ማሰሮውና ቢጫዋ የፕላስቲክ ጣሳ ሥዕሉን ያበላሹብኛል ብዬ ቆርጬ ጣልኳቸው።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ፊት የሆነልኝ ነገር የለም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሠራሁትን ንድፍ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ መጥቶ "ማን ናቸው?" ሲለኝ፣ "አንድ የቆላ ሽማግሌ ናቸው" እላለሁ፤ ከዚያ ስለ አሳሳሌ ማውራት እጀምራለሁ።

ቁልቁለቱ

ጣርማ በር ላይ ጉም ስለነበር ሾፌሩ መብራት አብርቶ ዋሻውን አለፈ። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አንዷ "ሽምብራ የበዛበት ነው፣ ጥርስ ካለህ" አለችኝ። ጥርሴን አሳይቻት ሁለት ላስቲክ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ጋቢ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቆላው ሲመጣ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ይቀራል። በየደጁ ማሾ ተሰጥቷል። የሽንኩርት ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸዋ ሮቢት ገባን፤ ባጃጅ ይዤ ወደ ማዕከሉ ሄድኩ።

የማዕከሉ ኃላፊ ሠናይት በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኔ ግን ከሷ በፊት ግድግዳው ላይ ነበር። ፊቱ አለ። ፀሐይ ትንሽ አደብዝዞታል እንጂ እንዳለ አለ።

"ሰዉ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚህ ነው መምህር" አለች። ደስ አለኝ።

ወረቀትና ቀለም

ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ቤተሰቦች መጡ። ከቀወት ገጠር ልጆቻቸውን አስከትለው የመጡ ገበሬዎች አሉ፣ የከተማው ነጋዴዎችም ከነሚስቶቻቸው አሉ። "ከግድግዳው ላይ ቤታችሁን የሚያስታውሳችሁን አንድ ነገር ምረጡና ሳሉ" አልኳቸው። የአንዱ ገበሬ በሬ አንድ ወረቀት አልበቃው ብሎ፣ ቂጡ ሌላ ወረቀት ላይ ወጣ። ሚስቱ "እቤትም እንዲሁ ነው፣ በረቱን ሞልቶታል" አለች።

ሰሚራ የምትባል የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ግን ብቻዋን ተቀምጣ ማሰሮ ትስላለች። አጠገቡ ቢጫ ጣሳ አለ።

"ይሄ እኮ ግድግዳው ላይ የለም" አልኳት።

"አዎ የለም። አያቴም የለም ትላለች።"

"አያትሽ የት አሉ?"

በብሩሹ ወደ ውጭ ጠቆመችኝ። በሩ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው የተቀመጡ ሴት አሉ። ሠናይት ጠጋ ብላ "እትዬ ፋጡማ ናቸው፤ የጋሽ ይማም ባለቤት" አለችኝ። እኔ ሞኙ ምስጋና ልቀበል ሄድኩ።

"የሳሉት አንቱ ነዎት?" አሉኝ፣ ሰላምታዬን ከመለሱ በኋላ።

"አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ማንን ጠይቀው?"

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ነገሩኝ።

"ሌላው ሰው ፎቶ ይሰቅላል፤ አልፈርድበትም። የኔ ሰውዬ ግን አይወድም ነበር። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ 'አደራሽን፣ ምስሌን ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉ። ካስታወሳችሁኝ ዱዓ አድርጉልኝ፣ ውሃዋንም አታቋርጡ' አለኝ። ውሃዋን አላቋረጥኩም። ፊቱን ግን አንቱ ለአገር ሰጡት። ገበያ ስሄድ በዚህ አላልፍም፤ በወፍጮ ቤቱ ዞሬ ነው፤ ይኸው ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬም ልጅቷን ላደርስ ብዬ ነው። አደራውን የበላሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቱ?"

"ለክብራቸው ብዬ ነው እትዬ።"

"ክብሩንማ እሱ ራሱ ነግሮኝ ነበር እኮ።"

አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። "ምን ላድርግ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እጅዎ የሠራውን እጅዎ ያንሣው።" ቀጥለው "ስልክዎ ላይስ?" አሉ። ስልኬን አወጣሁና እያዩ ፎቶውን አጠፋሁት። "ሌላ ቦታስ አለ?"

"የለም" አልኩ።

ሳሎኔ ውስጥ የተሰቀለው ንድፍ ድቅን ብሎብኝ እያለ ነው የለም ያልኩት። ግድግዳውን እሺ ብዬ፣ ያንን ለራሴ ሰሰትኩ።

እሁድ

ሠናይት ስትሰማ አልወደደችውም። "መምህር፣ ከተማው እኮ ይወደዋል" አለች። እኔም "ከተማው አደራ አልተቀበለም፤ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው" አልኳት። ጥቂት ቆይታ መሰላሉን ራሷ አመጣችልኝ።

ቤተሰቦቹ ቆመው እያዩ፣ የግድግዳውን መደብ ቀለም በጥብጬ ከጢማቸው ጀመርኩ። ዓይኖቹ ጋ ስደርስ ብሩሹን እንደገና ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ። ያ በሬ የሳለው ገበሬ ከታች ሆኖ መሰላሉን ደግፎ ይዞልኛል። ቀባሁት። ከወረድኩ በኋላ ብሩሹን ለሰሚራ ሰጠኋት፤ ሌሎቹም ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እያገዟት ማሰሮውን በቦታው ሳሉት። ያኔ እትዬ ፋጡማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ግድግዳውን አዩ።

"ጣሳዋ በሲባጎ የታሰረች ናት" አሉ። "አለዚያ ወስደው ያስቀሩብናል ይል ነበር።"

ሰሚራ ሲባጎውን ሳለች። አያትየው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ የቤተሰቦቹን ሥዕሎች ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅለን በሩን ከፈትን። እትዬ ፋጡማ እውነተኛውን ማሰሮ ከቤት አስመጥተው ግድግዳው ሥር አስቀመጡት፤ ለማየት የመጣው ሰው ሁሉ እየጠጣ ያልፋል። እኔም ጠጣሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ የባጃጅ ሾፌር ግድግዳውን አልፎ ሲሄድ ፍጥነቱን ቀነሰ። እዚያ ትልቅ ፊት ተስሎ እንደነበረም አላነሣም። "ዛሬ ገና ጋሽ ይማምን ሳላችኋቸው" አለኝ።

ቤት

ሽቅብ ስንወጣ ልብሱ በተራው ተመልሶ ይለበሳል። ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን፣ ጣርማ በር ላይ ጋቢዬን ለበስኩ። ሠላሳ ዓመት እንዴት እንደሚሳል ሳስተምር ኖሬ፣ ሰው ከመሳሉ በፊት እንደሚጠየቅ የነገሩኝ ብሩሽ ይዘው የማያውቁ ሴት ናቸው። ይህንን ሳስብ ነው የመጣሁት። ከሱ የበለጠ ግን "የለም" ያልኩት ይከነክነኝ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ንድፉን አወረድኩት። ልጄ ገርሟት "ማን ነበሩ ግን?" አለችኝ። ዓመት ሙሉ እፊቷ ተሰቅሎ፣ ነግሬያት አላውቅም።

"ውሃ የሚያጠጡ ሰው ነበሩ" አልኳት።

መቅደድ አልቻልኩም፤ ነጭ ቀለም ቀባሁበት። ከዚያ ሠናይት ጋ ደውዬ እትዬ ፋጡማን እንድታገናኘኝ ለመንኳት። ቤታቸው ድረስ ሄዳ ስልኩን ሰጠቻቸው።

"እትዬ፣ ትናንት ዋሽቼዎት ነበር። አንድ ሥዕል ቤቴ ቀርቶ ነበር።"

"የለም ስትል መሬት መሬት ታይ ነበር" አሉኝ። አንቱታው ቀርቷል። "አሁንስ?"

"አሁን የለም።"



"እንግዲህ አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ። ከእንግዲህ ገበያ የምሄደው በግድግዳው በኩል ነው።"