ከጀሶ የሠራኋት ግመል

ለመምህርነት ከሚሴ ስመደብ ሞባይል ገና አልገባም ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማወራው ከአከራዬ ጋር ብቻ ነው። ባቲ አካባቢ ያደጉ፣ ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው የወጡላቸው ሴት ናቸው። ባላቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው መስጊድ የሚሄዱት ለጁምዓ ነው፤ ሌላውን ሶላት ሳሎን ይሰግዳሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እንደ ልጅ ነበር የምኖረው። ሴትዮዋ የሚጠሩኝም "ኢንተላ ኮ" እያሉ ነው፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ስለ ባቲ ገበያ ሲያወሩ ከግመሎቹ አያልፉም። አፋሮቹ ግመሎቻቸውን እየነዱ ከቆላ ሲወጡ፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ያዩ እንደነበር ነግረውኛል። ዒድ ሲቃረብ ታዲያ፣ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በእጅ ሲዳሰስ ጎላ ጎላ የሚል ሥዕል ልሥራልዎት አልኳቸው። የምን ሥዕል እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

"ግድግዳው ያንቺ ነው" አሉኝ።

ሰንበቴ ከተማ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ ሁለቱም ሲሄዱ ቁልፉን ተዉልኝ። የጭቃው ግድግዳ ጀሶ እንዲይዝ በቢላ ጫርኩት፣ ትንንሽ ሚስማር መትቼ ቃጫ ጠመጠምኩበት፣ ውሃ ረጨሁት። ጀሶ ቶሎ ስለሚደርቅ በትንሽ በትንሹ ከኮላ ጋር እየበጠበጥኩ በማንኪያ ለጠፍኩ። የግመሏን ሻኛ በመዳፌ አድበልብዬ አወጣሁት። ጸጉሯን በአሮጌ ማበጠሪያ፣ ከእግሯ ሥር ያለውን አሸዋ ጆንያ እየተጫንኩበት ሠራሁ። ዐይኗን በጥፍሬ ነው የቀረጽኩት። ስትደርቅ ቀይ አፈር በጥብጬ ቀባኋት። ጣቶቼ ተላልጠው ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ብዙ አዩዋት። "ወላሂ፣ እሷው ናት" አሉና የተላላጠ እጄን ሳሙት። ባላቸውም "ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። የዒድ ዕለት የመጣው እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ግመሏን፣ ቀጥሎ ሴትዮዋን ያይ ነበር። ሥራዬ ደንቋቸው መስሎኝ ኮራሁ።

ዒድ አልፎ ከሰነበተ በኋላ፣ አንድ ቀን አሞኝ ከሥራ በጊዜ ተመለስኩ። የሳሎኑ በር ክፍት ነበር። ግመሏ የለችም፤ ግድግዳው ላይ የአልጋ ልብስ ተሰቅሏል። ሰውዬው ፊታቸውን ወደዚያው አድርገው መስገጃቸው ላይ ናቸው።

ሁልጊዜ የሚዞሩት ወደዚያ ግድግዳ ነበር። አንድ ቤት ስንኖር በየቀኑ አይቻለሁ። ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ፊት እንደማይሰገድም ሰምቼ አውቃለሁ። ማንኪያውን ይዤ ስቆም ግን አንዱም ትዝ አላለኝም። ፊቴ ጋለ። ወደ ክፍሌ ልመለስ ስል ሴትዮዋ ከጓዳ ወጡና አዩኝ።

"ዛሬ በጊዜ ገባሽ" አሉ።

"እማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ትሸፍኗታላችሁ?"

"ለሶላት ብቻ። አንቺ ካለሽ በሩን እንዘጋለን፤ ከሌለሽ ሳትመጪ እንገልጣታለን።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እጅሽ ተልጦ እያየሁ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

ሰውዬው ሶላታቸውን ጨርሰው መስገጃውን አጠፉ። "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ፤ "ጨርቅ መስቀል ምን ያደክማል?" እሳቸው ይህን ባሉኝ ጊዜ ይበልጥ አፈርኩ። ቢቆጡኝ ይቅርታ ብዬ ይወጣልኝ ነበር። እነዚያ እንግዶች ምን እንዳዩ ያኔ ገባኝ፤ እኔ መሀላቸው ቆሜ "አማረች?" እያልኩ እጠይቃቸው ነበር።

ቅዳሜ መፋቂያ ይዤ ገባሁ። ሴትዮዋ ሊከለክሉኝ ሞከሩ፤ እንቢ ስላቸው እሳቸውም ቢላ ይዘው መጡና አብረን ፋቅናት። አንገቷን ራሳቸው ናቸው ፍቀው ያነሱት። በቦታው ከከሚሴ ሥር ያለውን የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሠራሁበት፤ ፍሬውን አንድ በአንድ ከጀሶ እያድበለበልኩ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ይበጠብጡልኛል፤ እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ማሽላው ደርቆ ሰውዬው መጀመሪያ የሰገዱ ዕለት ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሲጨርሱ በሩን አንኳኩ።

"ሽሮ ነው የተሠራው፣ ነይ እንብላ።"

ሄድኩ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ዐይኔን ከትሪው ሳላነሳ በላሁ።