የታጠቡት ሳንቲሞች

ጂጂጋ ገበያ አጠገብ ቆርቆሮ እየቀጠቀጥኩ፣ ፋኖስና ባልዲ እየበየድኩ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። አባቴ ከመሀል አገር የመጣ ወታደር ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የምጽፈውም እንደማወራው ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ አንዲት የሶማሌ አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ነጭ ጋዝ በችርቻሮ ይሸጣሉ። እኔ ኤዶ እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ወላሎ ይሉኛል፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

የማወራው ድርቁ የጠናበትን ዓመት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና እንደገቡ። በዚያ ዓመት ከደጋሃቡር በኩል የሚመጡ መኪኖች በዚያ ሁሉ ሙቀት መስኮታቸውን ዘግተው ነበር የሚገቡት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የወደቀው ከብትና ግመል ሽታው አያስነዳም ይሉ ነበር። ከተማ ያለነው ውሃ ከአህያ ጋሪ እየገዛን እንጠጣለን። ዋጋው በየሳምንቱ ይወጣል፤ ቢሆንም እንጠጣለን።

አንድ ጠዋት አንድ የውሃ ቦቴ ሾፌር ኤዶ ሱቅ ፊት መጥቶ ቆመ። የተነጋገሩት በሶማሊኛ ነው፤ እኔም እሰማለሁ።

"ኤዶ፣ ከጉናጋዶ ነው የመጣሁት። ልጅሽ ልካኛለች። ቢርካው አልቋል።"

ቢርካ ማለት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው። እሱ ካለቀ በዚያ አገር ሌላ ውሃ የለም።

"ምን ያህል ይቆያሉ?" አሉት።

"ጭቃው ላይ ደርሰዋል። በጨርቅ እያጠለሉ ነው። ይህን ሳምንት ካለፉ እንጃ።"

"ባሏስ?"

"የተረፉትን ግመሎች ይዞ ወደ ታች ወርዷል፣ ወሬ የለም። እሷና ሦስቱ ልጆቿ ናቸው።"

"ቦቴህን ሞልተህ ሂድላት።"

ሾፌሩ አቀረቀረ። "መኪናው የእኔ አይደለም፣ ኤዶ። ሒሳቡን እዚህ ካልተቀበልኩ ሞተር አስነስተህ እንዳትወጣ ብሎኛል ባለቤቱ።"

የአንድ ቦቴ ሒሳብ እስከ ጉናጋዶ ድረስ ሱቃቸው ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ወርቃቸውን ቀደም ብለው ለከብቶቹ መኖ ሸጠው ልከዋል። ሾፌሩ እንደሄደ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ፣

"ወላሎ፣ አልጋዬ ሥር ያለውን ታውቃለህ?" አሉኝ።

አውቃለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አልጋቸው ሥር ሦስት ጆንያ የእንግሊዝ መዳብ ሳንቲም ነበር።

ባላቸው ከጣሊያን በኋላ እንግሊዝ ይህን አገር ይዞ በነበረበት ጊዜ ሱቅ ነበራቸው። ያኔ መሀሉ የተበሳ፣ በአንድ ወገን ዘውድ፣ በአንድ ወገን የዝሆን ጥርስ ያለበት ሳንቲም ነው የሚሠራው። እንግሊዝ ሄዶ ገንዘቡ ከቀረ በኋላ፣ ወሬው ያልደረሰው የገጠር ሰው ያንኑ ሳንቲም ክር ላይ ሰክቶ በእግሩ ቀናት ተጉዞ ይመጣል። ባላቸው "ይህ አይሠራም" ብለው መመለስ አልቻሉም። ስኳሩን መዝነው ይሰጡና ሳንቲሙን ጆንያ ውስጥ ይጥሉታል። እንዲህ ሲያደርጉ ስንት ዓመት ኖሩ። ኤዶ በዚህ ነገር ባላቸውን ከሞቱ በኋላም ይቆጧቸው ነበር። "ስኳር ሰጥቶ ቀዳዳ የሚቀበል ነጋዴ ያገባሁ እኔ ብቻ ነኝ" ይሉ ነበር።

የብረታ ብረት ነጋዴ ጠራንላቸው፤ ገበያ ውስጥ ትልቅ ሚዛን ያለው ወጣት ነው። እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተ፤ አንዱን አወጣና በቀዳዳው አሾልቆ አየን።

"ኤዶ፣ መዳቡን በኪሎ እገዛለሁ። ቀዳዳው ግን ምርቃት ነው፣ አልከፍልበትም።"

"ቀዳዳውን ለአንተ አልሸጥም" አሉት። "ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው እሱን ነው።"

ሳቅን። ከዚያ ዋጋውን ጠራ፤ የቦቴውን ግማሽ ቢሆን ነው።

"ግማሽ ቦቴ ልላክ?" ብለው እኔን ጠየቁኝ።

"መኪናው ግማሽ ነዳጅ ጠጥቶ አይደርስም፣ ኤዶ" አልኳቸው።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ እየመጣ አሮጌ የብር ጌጥና አሮጌ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ሆቴል አርፏል ተባለ። ከጆንያው ትንሽ ዘግኜ በመሀረብ ቋጥሬ ወሰድኩለት። ሰውዬው አንዱን አንሥቶ በማጉያ መነጽር ሲያየው ቆየ።

"እንዲህ ያለ ምን ያህል አላችሁ?"

"ሦስት ጆንያ።"

"ተቀመጥ" አለኝ። እስከዚያ ድረስ ቆሜ ነበር።

በፍሬ እገዛለሁ አለ። የጠራው ዋጋ፣ ከሦስቱ ጆንያ አንዱን እንኳ ቢወስድ ቦቴውን ሞልቶ የሚተርፍ ነው። "ላዩ ላይ በተጻፈው የእንግሊዝ ንጉሥ ስም፣ በየንጉሡ ለይታችሁ ጠብቁኝ። ሐርጌሳ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ረቡዕ፣ ግፋ ቢል ሐሙስ" ብሎኝ ሄደ።

ለኤዶ ስነግራቸው አይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡ። ሰኞ ነበር። "ረቡዕ ከሆነ ውሃው ይደርሳል" አሉ።

መለየቱን እኔና ባለቤቴ ከእሳቸው ጋር ሱቃቸው በረንዳ ላይ ጀመርን። መጀመሪያ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት አስጠጋን። መሀሉ የተቀላቀለው የጣሊያን ዘመን ሳንቲም ብረት ስለሆነ ዘሎ ይጣበቃል፤ የእንግሊዙ አይነቃነቅም። የንጉሦቹ ስም በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ማንበብ አልችልም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያሉትን ፊደሎች መልካቸውን አይቼ ነው የለየሁት። ኤዶ በጣታቸው ዳብሰው ከእኔ ይፈጥኑ ነበር። አንዳንዱ ሳንቲም የክሩ ቁራጭ አልወጣለትም።

"ይኼ ከአንገት የወረደ ነው" አሉ አንዱን ይዘው። "ሴትየዋን አስታውሳታለሁ፤ ከጉናጋዶ ወገን ነበረች። ልጇ አሞት ስኳር ፈልጋ መጣች። ባሌ ሳንቲሙን እንኳ አላየም፣ እኔ ነኝ ያየሁት።"

ከዚያ እጃቸውን አዩት። አረንጓዴ ዝገት ሞልቶታል።

"ይህ ቆሻሻ ለእንግዳ ይሰጣል? የባሌ ዕቃ ነው። ሰው ምን ይለኛል?"

ማንኛችንም አይሆንም አላልንም። ዕቃ ሲሸጥ ይታጠባል፣ ይወለወላል፤ እኔም ባልዲ ሠርቼ ሳላጸዳ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ ሎሚና አመድ አመጣች። ከጋሪው ሁለት ጄሪካን ውሃ ገዛንና እኔ በሠራሁት ሳፋ ውስጥ ገለበጥነው። በሎሚና በአመድ እያሸን፣ እዚያው ውሃ ውስጥ እየነከርን ማክሰኞን ዋልን፤ ረቡዕንም። ውሃው እየጠቆረ፣ ከዚያም እየለመለመ ሄደ። የጎረቤት ፍየል መጣች፣ አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

"እሷም እንግሊዝ አትወድም" አሉ ኤዶ።

ረቡዕ ሰውዬው አልመጣም። ኤዶ በየመኪናው ድምፅ ወደ መንገዱ ይወጣሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሳንቲሙ በረንዳው ላይ ሸራ ተነጥፎለት፣ በሦስት ተከምሮ፣ ፀሐይ ላይ እንደ ወርቅ ያበራ ነበር። ሰውዬው ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ።

"ማነው ያጠበው?"

"እኛ" አሉ ኤዶ፣ ቀና ብለው።

"እማማ፣ ገደላችሁት።" ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ፤ መነጽሩን እንኳ አላወጣም። "ገዢዎቼ የሚፈልጉት እርጅናውን ነው። ይኼ ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው። ጽሑፉንም አመዱ በልቶታል።"

"እርጅናው ምን ያደርግላቸዋል?"

"ዋጋው እሱ ነው።"

"እንግዲያው እኔን ግዛኝ" አሉት።

ሰውዬው ሊስቅ ብሎ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። ያን መጀመሪያ ላሳየው በመሀረብ የቋጠርኩትን፣ እዚያው ቀርቶ ያልታጠበውን ጭብጥ በተባባልነው ዋጋ ወሰደ። የቀረውን አልነካም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቶናል።

አርብ የብረታ ብረት ነጋዴውን መልሰን ጠራነው። በዚያን ቀን አልቀለደም። ሚዛኑ ላይ አደረገው፣ ከፈለ፣ ጫነ። የግማሽ ቦቴ ገንዘብ ይዘን ገበያውን ዞርን። ወደ ማታ ላይ አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ ዘመዶቹ በዚያው መንገድ ላይ ያሉ፣ የቀረውን ግማሽ እኔ ልቻል አለን። መጀመሪያውኑ እሱን መፈለግ ይቻል ነበር። ያ የአዲስ አበባው ሰውዬ የጠራው ዋጋ አይናችን ላይ ስለነበር አላሰብነውም። ቅዳሜ ንጋት ላይ ቦቴው ተነሣ። ኤዶ ጎማውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው ሸኙት።

ሾፌሩ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰ። ከመኪናው ወርዶ ቀጥ ብሎ ሳይመጣ፣ መጀመሪያ ጎማውን ሲያይ ቆየ። ያኔ ገባኝ።

"ኤዶ፣ ቢርካው ዘንድ ያገኘኋቸው ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት የታመመች ሴት ብቻ ናቸው። ልጅሽ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ወደ ትልቁ መንገድ ወጥታለች አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ጠየቅኩ፣ ያያት የለም።"

"ውሃውንስ?"

"ለእነሱ ገለበጥኩት።"

"ደግ አደረግህ" አሉት። ከዚያ የሱቁን በር ዘግተው ገቡ፤ ሁለት ቀን አልከፈቱም።

የኤዶ ልጅ የመጣችው ሌላ ወር ከገባ በኋላ ነው፤ የእርዳታ እህል አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ። መኪናው ሱቃችን ፊት ሲቆም እኔ ነኝ ልጆቹን ያወረድኳቸው። ሁለት አወረድኩ። ሦስተኛውን ለመቀበል እጄን ዘርግቼ ቆየሁ፤ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። የቀረው ትንሹ ነው።

ባለቤቴ ውሃ አቀረበችላቸው። ልጆቹ ጠጡ፤ እሷ ጽዋውን እንደያዘች በረንዳው ጥግ ያለውን ሳፋ ታይ ነበር። ውስጡ ዙሪያውን አረንጓዴ መስመር ተሥሎበታል፤ ውሃው እስከየት እንደነበር ያሳያል።

"ይህ ምን ነክቶት ነው?" አለች።

"የአባትሽ መዳብ ነው" አሉ ኤዶ። "ልንሸጠው አጠብነው። ለቦቴው።"

"መቼ?"

"መልእክትሽ በደረሰን ሰሞን፣ ማክሰኞና ረቡዕ።"

"እኛ ረቡዕ ጠዋት ነው የወጣነው" አለች ልጅቷ፣ ድምጿን ሳትቀይር። ሳፋውን ደግማ አይታ፣ "በምን ያህል ውሃ አጠባችሁት?" አለች።

እኔ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ።

"በሁለት ጄሪካን" አሉ ኤዶ። አልዋሹም።

ልጅቷ ጽዋውን ሳትጠጣው መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ትልቁ ልጇ አንሥቶ ጠጣላት። ከዚያ ወደ እናቷ ተጠግታ ተቀመጠችና እጃቸውን ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችው። የኤዶ ጣቶች ስንጥቃቸው ውስጥ ገና አረንጓዴ ነበሩ፤ በዚያ ሁሉ ሳምንት አልለቀቀም።

"የሰሊጥ ዘይት አለሽ?" ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት።

ባለቤቴ በብርጭቆ አመጣችላት። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ እየነከረች የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ፣ ጥፍራቸው ሥር ድረስ፣ ታሽ ጀመር። ኤዶ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተዉላት። ጨርቁ አረንጓዴ እየሆነ ሄደ። በዚያን ቀን እጅ መታጠቢያ ውሃ ማንም አላመጣም።