የጀማል ፕሮፋይል እና የገሰራ ስንዴ

«ስሙን አሟልተው ካልጠሩት አይወጣም።»

ዛሬ ሮቤ፣ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ ከኋላዬ ይህን ስሰማ ስለ ጂኒ የሚያወሩ መስሎኝ ወንበሬን ፈቀቅ አደረግሁ።

ዞር ስል ጎረቤቴ ጀማል ነው፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው። አጠገቡ አባቱ ሐጂ ቃሲም ተቀምጠዋል። ስንዴያቸውን ቢጫ ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ ስለመታው፣ የተማረው ልጃቸው ምን እንደሚል ሊሰሙ ከገሰራ መምጣታቸው ነው።

ጀማል የሚያጠናው ስንዴ ዋግን የሚከላከልባቸውን ፕሮቲኖች ነው። ፕሮቲንም እንደ ሰው ቤተሰብ አለው አሉ። የየቤተሰቡ መለያ መልክ፣ እነሱ ፕሮፋይል የሚሉት፣ አንድ ግዙፍ ፋይል ውስጥ ታጭቋል። የሚፈልጉትን ለማውጣት ጥቁር ስክሪን ላይ ሙሉ ስሙን የያዘ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋሉ። በማውስ መነካካት የለም።

ጀማል ጻፈ። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለው።

«ሰው እንዲህ ተጣድፎ ይጠራል እንዴ? ረጋ ብለህ ጥራው እንጂ!» አሉ ሐጂ።

ስሙን አስተካክሎ ደገመው። ወዲያው ፕሮፋይሉ ወጣ፤ ስክሪኑ በቁጥር ተሞላ።

«ማሻ አላህ! ከዚያ ሁሉ መሀል እሱን ብቻ? ታዲያ ይሄ ለማሳው መቼ ይደርሳል?»

ጀማል ቁጥሮቹን አየ፣ አባቱን አየ። «ለልጆቼ ይደርሳል አባ፣ ኢንሻ አላህ።»

«አሚን። መጀመሪያ አግባ።»

ቤተሰብ ሥራችሁን ሊያይ መጥቶ መልስ ያጠራችሁ ካላችሁ እስቲ ከታች ጻፉ። ጀማልም ያነበዋል፣ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።

አባትና ልጅ ከሰዓት በሚኒባስ ገሰራ ሄደዋል፤ ዋግ ፍሬ ያሳጣውን ስንዴ ለከብት መኖ ሊያጭዱት።