ወተት ሻጯ የጠበቀችው መልስ

ባለፈው ሰሞን ከልጄ እጅ ስልኬን ስቀበል ጀርባው ግሏል። ያንን ሙቀት አውቀዋለሁ። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል በነበረው ቤታችን፣ እናቴ ከሱቅ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ መዳፏን የዚያ ባለሆዱ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ ታሳርፍ ነበር። ከጋለ፣ ሲታይ ውሏል ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ግን አይናገርም። አባታችን የናይሮቢ መስመር ሾፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እናታችን ሱቅ፣ እኔ ትምህርት ቤት። የቤት ሠራተኛችን ሥራዋ እስኪያልቅላት ካርቱን ትከፍትለታለች፤ እሱም ሰማያዊው ብርሃን ፊቱ ላይ እየተመላለሰ ፈዞ ይውላል። ስጠራው ዞር አይልም ነበር።

እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ፣ "ጆሮው ደህና ነው። ቲቪውን ቀንሱለት፤ አናግሩት" አለቻት። በማግስቱ ደንብ ወጣ፤ ከእራት በፊት አንድ ካርቱን ብቻ። ወንድሜ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ። እኔም አኮረፍኩ።

"እኔስ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። አንቺ ካየሽ ግን እሱም ያያል። አጫውቺው።"

ከዚያ ወዲያ እናቴ ሱቅ ይዛው መሄድ ጀመረች። ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬያቸው ዋልኩ። የሩዝ ጆንያ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሳሙናና ነጭ ጋዝ ይሸታል፤ ደጁ ላይ ቦዳቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ደንበኛው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ እያቀላቀለ ይጨቃጨቃል።

ጠዋት ጠዋት ከጎልቦ ቆላ የግመል ወተት የምታመጣ አንዲት የቦረና እናት ነበረች። ጄሪካኗን ታስቀምጥና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ፣ "ነጋ?" ትለዋለች። በኦሮምኛ ሰላም ነህ ወይ ማለቷ ነው። ከዚያ ትጠብቃለች። እኛ ጠይቀነው ራሳችን እንመልስለት ነበር፤ እሷ ግን ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። መልስ ስታጣ ፈገግ ብላ ትነሳለች። በማግስቱም ያው ነው።

አንድ ቀን እንደ ልማዷ "ነጋ?" አለችው። አፏን ትክ ብሎ አየ።

"ነጋ" አለ።

እናቴ የምትመዝነው ስኳር መሬት ላይ ፈሰሰ። "ምን አለ? ንገሪኝ፣ ምን አለ!" ሴትዮዋ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከትልቅ ሰው ጋር እንደሚያወሩት፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ መጠየቋን ቀጠለች። እናቴ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ትስቅ ነበር። ስንት ቀን "እማ በል" ብላ ለምናው፣ የመጀመሪያ ቃሉን በሰው ቋንቋ ለሌላ ሴት ሰጠባት። አልተቀየመችም። የሱቁን ብስኩት አውጥታ ላለፈ ላገደመው አደለች።

ናይሮቢ ከገባን ቆየን። ወንድሜ ዛሬ ወሬ ከጀመረ አይጨርስም። በቀደም ስለዚያች ሴት ነገርኩት።

"አላስታውሳትም። ስሟ ማን ነበር?"

ያን ሁሉ ጠዋት ስትመጣ፣ አንዳችንም ስሟን ጠይቀናት አናውቅም።