ሁለቱ ባና ረጋጮች

እንየው የተወለደው ከወገዳ ወጣ ብላ በምትገኝ የስማዳ መንደር ነው። መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ ለድቁና ሲታሰብ፣ ታላቅ ወንድሙ ማሩ በእርሻ ድንበር ጠብ ተገደለ። ገዳዩ ወደ ቆላ ሸሸ። እንየው በአገሩ ከቆየ ደም ሳይመልስ እንደማያድር የተረዱ የአጥቢያው ካህናት፣ እጁ ደም ሳይነካ ወደ ንፋስ መውጫ እንዲሄድ ገዘቱት። በዚያም ከበግ ፀጉር ባና የተባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠራ ማኅበር ነበረ፤ ሽመና ተማረ፤ በጥቂት ዓመታትም የቤቱ ሥራ መሪ ሆነ።

በ፲፱፻፺ዎቹ አጋማሽ የገዳዩ ታናሽ ወንድም ዋለ ሥራ ፍለጋ ወደዚያው ቤት መጣ። የማኅበሩ ሰብሳቢ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የማን ወንድም እንደሆነ ሳያውቁ ቀጠሩት። እንየው ሲያየው ደሙ ፈላ፤ ማባረር ባይችልም መመደብ ግን የርሱ ሥልጣን ነበረና ሰው ሁሉ ወደሚጠላው ሥራ፣ ወደ መርገጫው ገንዳ ሰደደው።

የተሸመነ ባና በሙቅ ውሃ ካልተረገጠ አይጠብቅም፤ ብርድም አይመልስም። ርጥብ ፀጉር ያንሸራትታልና ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በአንድ ምት ይረግጡታል። ይሁን እንጂ ዕርቅ ሳይወርድ የደመኛን ትከሻ መያዝ ደምን እንደ መርሳት ይቆጠራል። ሠራተኛው የእንየውን ፊት እያየ ስለ ፈራ ከዋለ ጋር የሚገባ ጠፋ። ዋለም በአንድ እጁ ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን ይረግጥ ጀመር፤ ሁለት ሰዎች ረፋድ ላይ የሚያደርሱትን እርሱ እስከ ማታ ይታገለዋል።

ያልተረገጠው ባና በጓዳው ተከመረ። እንየው ግን ጥፋቱን በሸማኔዎቹ ላይ ጣለው፤ ተጨማሪ ሸማኔዎችንም አስገባ። ክምሩ ጣራ ሊነካ ደረሰ፤ ከሥሩም ብል ገባበት።

«ምነው እጃችሁ ተሳሰረ!» እያለ ሲጮህባቸው ከሸማኔዎቹ አንዱ ቻላቸው ቀና አለ።

«ጋሼ፣ የሸመንነው መውጫ አሳጣን እኮ! ትንሽ ከሸመንን እኛኑ ይቀብረናል። ዓይንዎ ወደ ገንዳው አይዞርም እንዴ?»

«እጅህን እንጂ ምላስህን አልቀጠርሁም።»

በጥቅምት መጨረሻ እማሆይ አስጠሩት። ባናውን ሊወስድ የተስማማው የደብረ ታቦር ነጋዴ እስከ ኅዳር ሚካኤል ብቻ ይጠብቃል፤ ካልደረሰለት ማኅበሩ ቤቱን ይዘጋል፤ ሠራተኛው ይበተናል።

«ያን ሰው ያሰናብቱልኝ» አለ እንየው።

«በምን ጥፋቱ? ብቻውን በመርገጡ?»

«እንግዲያው አውጥቼ ሽመና ላይ ላስቀምጠው? ለወንድሜ ገዳይ ወንድም ሹመት ልስጥ?»

«አልሾምኸውም፤ አልረዳኸውም፤ ገንዳውን ግን በርሱ ዘጋኸው» አሉ እማሆይ። «ልጄ፣ የቤቱ ሥራ ሁሉ በዚያች ገንዳ ያልፋል። ቂምህን ደጃፏ ላይ አስቀምጠህ ሸማኔውን ለምን አልቸኮልህም ትለዋለህ?»

እንየው ፊቱን አጥቁሮ ወጣና ቻላቸውን «ገንዳ ግባ!» አለው።

«እኔ? እርስዎ የሚጸየፉትን ትከሻ እኔ ልያዝና የማሩ ሚስት በገበያ ፊት ታዋርደኝ? መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ።»

ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ አፍጥጦ ያይ ነበር። እንየው አማተበ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። እጁን ግን ወደ ዋለ ትከሻ ማንሳት አቃተው።

«ትከሻዬ እንዳያቃጥልህ» አለ ዋለ።

«ልረግጥ እንጂ ላዋራህ አልመጣሁም።»

«እንግዲያው ያዝ።»

ያዘ። እግራቸው ሲነሣና ሲወድቅ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንየው አዳለጠውና ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ዋለ የደረት ልብሱን ጨምድዶ አስቀረው።

«ልቀቀኝ!»

«ብትወድቅ ገደለው ይሉኛል። ለአንድ ቤት አንድ ገዳይ ይበቃል።»

እንየው ጥርሱን ነክሶ መርገጡን ቀጠለ። ባናው ጠብቆ ሲወጣ ዋለ፣ «ደርሷል፤ እጅህን አንሳ» አለው። አነሣ።

በማግስቱ ቻላቸው በዋለ ጎን ገባ፤ ሌሎቹም ተራ ያዙ። እንየው አዲስ ባና መሸመኑን አስቁሞ ሸማኔዎቹን በየተራ ወደ ገንዳው አዞረ። ክምሩ እየጎደለ ሄደ፤ ከሚካኤል ዋዜማ በፊትም የነጋዴው ባና ተጭኖ ወጣ። ቤቱ ተረፈ።

ወሬው ግን ባናው ሳይጫን ስማዳ ገብቶ ነበር። የማሩ ሚስት ልዕልት መጥታ ከደጃፉ ቆመች።

«ይቅር አልኸው?» አለችው።

«አላልሁም። ሥራ ነው።»

«ሥራ! የማሩ ደም በሙቅ ውሃ ታጠበልህ? በል ስማ፤ በተዝካሩም በክርስትናውም ደጄን እንዳትረግጥ። የማሩ ልጆች አጎት የላቸውም!»

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ዋለ ከገንዳው ውስጥ ሁሉንም ሰምቷል። የዕለቱ ረዳቱ ስለቀረ ብቻውን ቆሟል።

«እንግዲህ ከሰው ሁሉ የቀረሁልህ እኔ ነኝ» አለና ሳቀ።

እንየው በዓይኑ ሌላ ሰው ፈለገ፤ ሁሉም በየሥራው ላይ ነበር። ወደ ገንዳው ገብቶ ያንኑ ትከሻ እስኪያመው ድረስ ጨምድዶ ያዘው፤ ዋለም በዚያው ልክ ጨመደደው፤ መርገጥም ጀመሩ።