በር አጠገብ የሚቀመጠው ሽማግሌ

መንግሥት የሚደግፈው የአይሪሽ ቋንቋ ማስፋፊያ ዕቅድ በሚመከርበት የመንደሩ አዳራሽ፣ እርጥብ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሁልጊዜ በር አጠገብ የሚቀመጥ ሽማግሌ አለ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። እሱ ሲገባ፣ እንግዳ እንዳይከፋው ተብሎ፣ ወሬው ሁሉ ከአይሪሽ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ የአገሩ ወግ ነው። እሱም ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ፈገግ ይላል።

ዛሬ የዕቅዱ አስተባባሪ ጎብናት ሻይ አቀበለችውና በእንግሊዝኛ፣ "አባባ፣ የምንለው ይገባዎታል?" አለችው።

በጠራ አይሪሽ መለሰላት። "ይገባኛል፣ ልጄ። እኛ ሰፈርም ልክ እንደናንተ ለእንግዳ ጨዋዎች ነበርን። አሁን እዚያ ሄጄ ደህና ዋላችሁ ብል፣ በዚህ ቋንቋ የሚመልስልኝ የለም።"

ሻዩን ሳይቀምስ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ጎብናት ወደ ሰዎቹ ዘወር አለች። ሰውዬው ከሄደም በኋላ፣ አዳራሹ በእንግሊዝኛ ማውራቱን አላቆመም።